ሰነዱ ምስክር ነው፤ መስቀለኛ ጥያቄ ይጠየቅ

ጥያቄው፦ «በኢትዮጵያ ታሪክ አስተምር ነበር። አሁን በሜሪላንድ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ11ኛ ክፍል የአሜሪካ ታሪክ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ ሰነድ ስሰጣቸው ‹ሰነድ አንድ እንዲህ ይላል፣ ሰነድ ሁለት እንዲህ ይላል› እያሉ መልሰው ይነግሩኛል እንጂ የራሳቸውን ክርክር አያቀርቡም። ታሪኩን አስተምሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው ድርሰት የማስጽፈው ወይስ ከመጀመሪያው? እንግሊዝኛ ገና በመማር ላይ ያሉ ልጆችም አሉኝ፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፍ ተራራ ይሆንባቸዋል። በሚቀጥለው ዓመት የኤፒ (የኮሌጅ ደረጃ ትምህርትና ፈተና ያለው) ክፍል እንደሚሰጠኝም ተነግሮኛል። ከመቶ በላይ ተማሪ ይዤ ይህን ሁሉ ድርሰት አርሜ እንዴት እዘልቀዋለሁ?»

ምላሽ፦

ውድ የሙያ ባልደረባዬ፣ ተማሪዎችዎ የለመዱትን ነው የሠሩት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ንባብ በተሰጣቸው ቁጥር የሚቀርብላቸው ጥያቄ «ጽሑፉ ምን ይላል?» የሚል ነው። ስለዚህ ሰነድ ሲያዩ የሚለውን ይናገራሉ። እርስዎ የሚፈልጉት ሌላ ነገር ከሆነ፣ መለወጥ ያለበት በመጀመሪያ የእርስዎ ጥያቄ ነው።

ይህ የልጆች ብቻ ችግር እንዳይመስልዎት። ሳም ዋይንበርግ የተባለው ተመራማሪ በ1991 ባሳተመው ጥናት 8 የታሪክ ባለሙያዎችና 8 ጎበዝ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በ1775 በሌክሲንግተን ስለተደረገው፣ የአሜሪካ አብዮት ጦርነት ስለጀመረበት ግጭት የሚናገሩ ሰነዶችን ሐሳባቸውን ጮክ ብለው እየተናገሩ እንዲያነብቡ አድርጎ ነበር። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ባለሙያዎቹ ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ለማን የሚለውን አስቀድመው ፈለጉ። ተማሪዎቹ ግን ከላይ ጀምረው እስከ ታች አነበቡ፤ የጸሐፊው ማንነት ያን ያህል አላሳሰባቸውም። ይባስ ብሎ ታማኝ ብለው ከፍ ያደረጉት የመማሪያ መጽሐፉን ቅንጭብ ነበር፤ ባለሙያዎቹ ደግሞ እምብዛም ያላመኑት እሱኑ። ተማሪዎቹ ስለ አብዮቱ ብዙ የሚያውቁ ልጆች ነበሩ። ጉድለታቸው የእውቀት ሳይሆን የአነባበብ ነበር።

ለእኛ ይህ አነባበብ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በድሮው የበላ ልበልሃ ሙግት ባላጋራው ምስክር ሲቆጥርበት፣ ተሟጋቹ የምስክሩን ቃል ደግሞ ለመናገር አልነበረም የሚነሣው። «ይህ ምስክር ማን ነው? ከባላጋራዬ ጋር ምን ያዛምደዋል? የት ቆሞ አየ? ለምንስ ዛሬ ተናገረ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። ለተማሪዎችዎ ሰነድን በዚህ መልክ ያቅርቡላቸው። ሰነዱ ቆሞ የሚመሰክር ሰው ነው፤ እነሱ ደግሞ መስቀለኛ ጥያቄ የሚጠይቁ ጠበቆች ናቸው።

አንድ ሰነድ ይዤ ላሳይዎት። አብርሃም ሊንከን በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል፣ ኦገስት 22 ቀን 1862 ለሆራስ ግሪሊ የጻፈውን ደብዳቤ ያውቁታል። ለሜሪላንድ ልጆች ከዚህ የተሻለ ሰነድ አላገኘሁም፤ ለምን እንደሆነ ወዲያው ይታይዎታል። መጀመሪያ ዋናውን አንቀጽ ብቻ ቆርጬ፣ ያለ ቀንና ያለ አድራሻ አድላለሁ። ሊንከን የሚለው በግርድፉ ይህ ነው፦ አንድም ባሪያ ነጻ ሳላወጣ ኅብረቱን (የአሜሪካ ግዛቶችን አንድነት) ማዳን ብችል አደርገዋለሁ፤ ሁሉንም ነጻ አውጥቼ ማዳን ብችል አደርገዋለሁ፤ ከፊሉን ነጻ አውጥቼ ሌላውን በመተው ማዳን ብችልም ያንኑ አደርጋለሁ። ከዚያ «ሊንከን ስለ ባርነት ምን አቋም ነበረው? በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ» እላለሁ። ሁሉም ማለት ይቻላል «ባርነት ግድ አይሰጠውም ነበር» ብለው ይጽፋሉ። ወረቀቱን እሰበስባለሁ፤ አላርመውም።

ቀጥሎ መረጃውን አንድ በአንድ አወጣለሁ። ግሪሊ የኒውዮርክ ትሪቡን ጋዜጣ አዘጋጅ ነው፤ ከሁለት ቀን በፊት ሊንከንን በባርነት ጉዳይ ለዘብተኛ ነህ ብሎ በጋዜጣው ወቅሶታል። ስለዚህ ደብዳቤው በሕዝብ ፊት እንዲነበብ ታስቦ የተጻፈ ነው። ቀጥሎ ካርታ እዘረጋለሁ። ደላዌር፣ ሜሪላንድ፣ ኬንታኪና ሚዙሪ ባርነትን የሚፈቅዱ ሆነው ከኅብረቱ ያልተገነጠሉ፣ «የድንበር ግዛቶች» የሚባሉት ናቸው፤ ሜሪላንድ ብትሄድ ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን በጠላት መሬት ተከብባ ትቀር ነበር። እዚህ ላይ ልጆቹ ቀና ማለት ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ ነው ዋናውን ቀን የማወጣው፦ ሊንከን በተገነጠሉት ግዛቶች ያሉ ባሪያዎችን ነጻ የሚያወጣውን የነጻነት አዋጅ ረቂቅ ለካቢኔው ያነበበው ጁላይ 22 ቀን 1862 ነው፤ ማለትም ደብዳቤው ከመጻፉ ከአንድ ወር በፊት። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሰዋርድ «ድል እስክናገኝ ይቆይ» ስላለው በእጁ ይዞት ነበር። የአንቲየተም ውጊያ፣ እሱም እዚያው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሴፕቴምበር 17 ተካሄደ፤ የመጀመሪያ ደረጃው አዋጅ ሴፕቴምበር 22 ወጣ። በመጨረሻም ቆርጬ ያስቀረሁትን የደብዳቤውን መዝጊያ እሰጣቸዋለሁ። ሊንከን እዚያ ላይ እስካሁን የተናገረው በሥልጣን ግዴታው መሠረት መሆኑን ገልጾ፣ ሰው ሁሉ በየትም ስፍራ ነጻ ይሁን የሚለውን የግል ምኞቱን ግን እንደማይለውጥ ይናገራል።

አሁን ያንኑ ጥያቄ እደግመዋለሁ። ክፍሉ ውስጥ ጫጫታ ይነሣል፤ ደግ ጫጫታ ነው፣ ተዉት። ከዚያ የሚጽፉትን ሦስት ዓይነት ዐረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። አንደኛው፦ «ሊንከን በዚህ ደብዳቤ ኅብረቱን ማዳን እንደሚፈልግ ይናገራል።» ይህ ቃል መድገም ነው። ሁለተኛው፦ «የሊንከን ዓላማ አንባቢዎችን ማሳመን ነበር።» ይህ ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ ትንተና የሚመስል ባዶ ቃል ነውና። በዓለም ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ሁሉ አንድ ሰው ለማሳመን የተጻፈ ነው። ሦስተኛው፦ «ሊንከን የአዋጁ ረቂቅ በመሳቢያው እያለ ለጋዜጣ አዘጋጅ የጻፈው ይህ ደብዳቤ ለባርነት ደንታ ቢስ መሆኑን አያሳይም፤ ይልቁንም የድንበር ግዛቶቹ አዋጁን በኅብረቱ ስም እንዲቀበሉት መንገድ እየጠረገ እንደነበር ያሳያል።» ይህኛው ቀን ይዟል፣ አድማጭ ይዟል፣ ከእነዚህም አንድ መደምደሚያ አውጥቷል።

ይህ ብቸኛው ትክክለኛ መልስ ነው ብለው ግን እንዳያስተምሩ። አንድ ተማሪ «የግል ምኞቱን በመጨረሻ በአንድ መስመር ብቻ መጥቀሱ ራሱ ነጻነት ለእሱ ከኅብረቱ ቀጥሎ የሚመጣ መሣሪያ እንደነበር ያሳያል» ብሎ ቢከራከርና ከጽሑፉ ቢያስረዳ ሙሉ ነጥብ ይገባዋል። አዋጁ ለሜሪላንድ እንዳልሠራ፣ በዚያ ግዛት ባርነት የተሻረው በግዛቱ በራሱ ሕገ መንግሥት በኖቬምበር 1864 መሆኑን ቢያነሣ ደግሞ ባርኔጣዬን አነሣለታለሁ።

ታሪኩ ይቅደም ወይስ ድርሰቱ ላሉት፣ መልሱ እዚሁ ምሳሌ ውስጥ አለ። የድንበር ግዛቶች ምን እንደሆኑ የማያውቅ ልጅ ያን ደብዳቤ መቶ ጊዜ ቢያነብበው አይናገርለትም። «ዋናው ክህሎት ነው፤ እውነታውን ከኢንተርኔት ያገኙታል» የሚሉ አሠልጣኞች ይገጥሙዎታል። በጨዋነት ያዳምጧቸውና ወደ ክፍልዎ ይመለሱ። በሌላ በኩል ደግሞ ታሪኩን እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አስተምሬ ልጨርስና ድርሰት በመጨረሻ ይምጣ ካሉ፣ በግንቦት የሚያገኙት «ሰነድ አንድ እንዲህ ይላል» የሚለውን ነው። እኔ የማደርገው፣ ለሰነዱ የሚያስፈልገውን ታሪክ ሩብ ሰዓት ያህል አስተምሬ ሰነዱን ወዲያው ማምጣት ነው።

የምስክሩ ማንነት ጉዳይ ጨርሶ የማይገባቸው ከሆነ፣ አንድን ሰው ከራሱ ጋር ያጋጥሙት። የኮንፌዴሬሽኑ (የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች መንግሥት) ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቲቨንስ ማርች 21 ቀን 1861 በሳቫና ባደረገው ንግግር፣ የአዲሱ መንግሥታቸው የማዕዘን ድንጋይ ጥቁር ከነጭ ጋር እኩል አይደለም የሚለው እምነት መሆኑን ያለ ኀፍረት ተናግሯል። ከሽንፈቱ በኋላ በጻፈው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ግን ጦርነቱን የሕገ መንግሥትና የግዛቶች መብት ክርክር አድርጎ አቀረበው። ሁለቱን ቅንጭቦች ስም ደብቀው ይስጡ። ልጆቹ የሁለት ባላንጣዎች ጽሑፍ ይመስላቸዋል። ስሙን ሲገልጡላቸው «ምን ተለወጠ?» የሚለውን ራሳቸው ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ጸሐፊና ስለ ዘመን ብዙ ማስረዳት አያሻዎትም።

አሁን ወደ ድርሰቱ። ከአንድ ሰነድ ወደ ብዙ ሰነዶች ሲሻገሩ ብዙ መምህራን የሚያጡት ነገር ጥያቄው ነው። «የመልሶ ግንባታውን ዘመን (ከእርስ በርስ ጦርነቱ ቀጥሎ ያለውን) ተንትኑ» ሲባል ልጁ ዝርዝር ይጽፋል፤ አያስደንቅም፣ የሚከራከርበት ነገር አልተሰጠውምና። ጥያቄው ሁለት አስተዋይ ሰዎች የሚለያዩበት መሆን አለበት። እኔ አንድ ግዛት ብቻ ይዤ እንዲህ እጠይቃለሁ፦ «በሚሲሲፒ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የጥቁሮችን መብት የቀበረው መሣሪያ ነው ወይስ ሕግ?»

ሰነዶቹ እነዚህ ናቸው። የ1865 የሚሲሲፒ የጥቁሮች ሕግ፣ የሥራ ውሉን ሳይጨርስ የወጣ ነጻ የወጣ ሰው የዓመቱን ደመወዝ እንዲያጣ የሚያደርገው። በ1868 እና በ1870 የጸደቁት 14ኛውና 15ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያዎች፣ ለሁሉም እኩል የሕግ ጥበቃ የሚሰጠውና በቀለም ምክንያት የመምረጥ መብት መከልከልን የሚያግደው። ሃይረም ሬቭልስ በ1870 ሚሲሲፒን ወክሎ የመጀመሪያው ጥቁር ሴናተር ሆኖ መግባቱን የሚያሳይ ዘገባ። በ1875ቱ ምርጫ ወቅት ስለደረሰው ግድያና ማስፈራራት የተሰጠ ምስክርነት። ፕሬዚዳንት ግራንት በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ጽፎ፣ በደቡብ በየዓመቱ መጸው በሚነሣው ሁከት ሕዝቡ እንደታከተ የገለጸበት ደብዳቤ። በመጨረሻም የ1890 የግዛቱ ሕገ መንግሥት፣ መምረጥ የሚሻ ሁሉ 2 ዶላር የምርጫ ግብር እንዲከፍልና የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ ማንበብ ወይም ሲነበብለት መረዳት እንዲችል የሚያዝዘው።

ሰነዶቹን በወረቀት ቆራርጠው ጠረጴዛ ላይ እንዲከምሩ ያድርጉ፦ አንዱ ክምር የመሣሪያ፣ ሌላው የሕግ። እስክሪብቶ አይያዝ። ሁለት ነገር ይፈጠራል። በመጀመሪያ የግራንት ደብዳቤ የትኛውም ክምር ላይ አልቀመጥ ይላል። መሣሪያም አይደለም፣ ሕግም አይደለም፤ ችላ ማለት ነው። ጥሩ ቡድን ሦስተኛ ክምር ይፈጥራል፤ ያ ሦስተኛ ክምር ነው ድርሰቱን ከተራ ድርሰት የሚለየው። ቀጥሎ የ1865ቱን ሕግና የ1890ውን ሕገ መንግሥት ጎን ለጎን ሲያነብቡ ዐይኑ ንቁ የሆነ አንድ ልጅ ይጮኻል፦ የመጀመሪያው ነጻ የወጡ ጥቁሮችን በስም እየጠራ ነው የሚከለክለው፣ የ1890ው የምርጫ ድንጋጌ ግን ስለ ቀለም አንድም ቃል አይናገርም! ለምን ቋንቋው ተለወጠ? በመካከል 14ኛውና 15ኛው ማሻሻያዎች ስለመጡ ነው። ሕግ አውጪዎቹ የሚፈልጉት ያው ሆኖ፣ አነጋገራቸውን መደበቅ ነበረባቸው። ይህን ያገኘ ልጅ ሰነድ ከሰነድ ጋር ማነጋገር ተምሯል።

የዋናውን ሐሳብ ዐረፍተ ነገር የማስጽፈው ከዚህ በኋላ ነው። «ምንም እንኳ … ቢሆንም፣ … ምክንያቱም …» የምትለውን ቅርጽ ለደካሞቹ እሰጣለሁ። ለምሳሌ፦ «ምንም እንኳ የ1890ው ሕገ መንግሥት የጥቁሮችን ድምፅ በሕግ ቢዘጋም፣ መንገዱን የከፈተለት የ1875ቱ ኃይል ነው፤ ምክንያቱም ያ ሕገ መንግሥት ሊጻፍ የቻለው ጥቁር መራጮች በመሣሪያ ከምርጫ ከተባረሩና ዋሽንግተን ጣልቃ ለመግባት ከታከታት በኋላ ነው።» ባለ አምስት አንቀጽ ድርሰትን ትምህርት ቤትዎ ግዴታ ቢያደርግብዎ አይጣሉ፤ ግን አንቀጾቹ በሰነድ ቁጥር ሳይሆን በክምር ይከፈሉ። አንድ አንቀጽ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሰነድ ካልተገናኘ አንቀጹ ክርክር አልሆነም።

እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው ልጆች፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሥዕል ይስጡ። በማርች 5 ቀን 1770 የእንግሊዝ ወታደሮች ቦስተን ላይ የፈጸሙትን ግድያ የሚያሳየው፣ ፖል ሪቪር በመዳብ ቀርጾ ያተመው ሥዕል ጥሩ ነው። ወታደሮቹ ተሰልፈው በአንድ ላይ ይተኩሳሉ፤ አዛዡ ከኋላቸው ሰይፉን ከፍ አድርጎ ያዝዛል፤ ሕዝቡ ባዶ እጁን ነው፤ ከጉምሩክ ቤቱ በላይ «የአራጆች አዳራሽ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ከዚያ ጆን አዳምስ ለወታደሮቹ ጠበቃ ሆኖ የቆመበትን የፍርድ ውጤት ይንገሯቸው፦ አዛዡ ነጻ ወጣ፤ ከ8ቱ ወታደሮች 6ቱ ነጻ ሲወጡ ሁለቱ ሆን ተብሎ ከሚፈጸም ነፍስ ግድያ ባነሰ የሰው መግደል ወንጀል ጥፋተኛ ተባሉ፤ በክሱ ሂደት ሕዝቡ የበረዶ ድብልብልና ዱላ ይወረውር እንደነበር ተመሰከረ። ሥዕሉ ምን ደበቀ፣ ለምን? ይህን ለመመለስ ብዙ እንግሊዝኛ አያስፈልግም።

ጽሑፍ ሲሰጡ ያሳጥሩት። ረጅሙን ዐረፍተ ነገር መከፋፈልና ያረጀውን ቃል በታወቀ ቃል መተካት ታሪክን ማጉደፍ አይደለም፤ ዋናውን ቅጂ ከጎኑ አስቀምጠው መለወጡን እስከነገሯቸው ድረስ። ከዋይንበርግ ቡድን የወጡትና በነጻ የሚገኙት የትምህርት ዕቅዶች እንዲህ የተስተካከሉ ሰነዶች አሏቸው፤ የብሔራዊ ቤተ መዛግብቱና የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ዋናዎቹን በነጻ ያቀርባሉ። ሳያሻሽሉት የሚነበብ ከፈለጉ ደግሞ ጆርደን አንደርሰን ኦገስት 1865 ከኦሃዮ ለቀድሞ ጌታው የላከውን ደብዳቤ ይውሰዱ። «ተመልሰህ ሥራልኝ» ላለው ጌታው የሰጠው መልስ ሒሳብ ነው፦ 32 ዓመት በወር 25 ዶላር፣ የሚስቱ 20 ዓመት በሳምንት 2 ዶላር፣ ድምሩ 11,680 ዶላር፤ ያን ከከፈልከን ቅን መሆንህን እናምናለን ይላል። ልጆቹ በካልኩሌተር ያጣሩት፤ በትክክል ይመጣል። ደብዳቤው በቃል ተነግሮ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈና በጋዜጣ የታተመ መሆኑን ሲጨምሩበት ደግሞ መስቀለኛ ጥያቄው ይጀምራል።

አማርኛ ተናጋሪ ተማሪዎች ካሉዎት በቡድን ሲከራከሩ በአማርኛ እንዲከራከሩ ይፍቀዱላቸው። ክርክሩ በአእምሮአቸው ከተገነባ በኋላ እንግሊዝኛው ይደርስበታል።

ስለ ኤፒ በአጭሩ። በሰነድ ላይ የተመሠረተው የድርሰት ጥያቄ 7 ሰነዶች አሉት፤ 60 ደቂቃ ይሰጠዋል፣ ከዚያም 15ቱ ለንባብ ይመከራል። የሚታረመው ከ7 ነጥብ ሲሆን ከጠቅላላ ፈተናው 25 በመቶ ይይዛል። ነጥቦቹ ለዋና ሐሳብ፣ ለታሪካዊ ዐውድ፣ ለሰነዶቹ አጠቃቀም፣ ከሰነዶቹ ውጭ ለመጣ ማስረጃ፣ ለምንጭ ትንተናና ለክርክሩ ጥልቀት የተከፋፈሉ ናቸው። ይህን መስፈርት በመስከረም አይለጥፉባቸው። ነጥብ ማደን ከተማሩ «የጸሐፊው ዓላማ ማሳመን ነው» የሚለው ባዶ ዐረፍተ ነገር እንደ አረም ይወርሳቸዋል። ከጥር በኋላ ሲያሳዩአቸው የሚያውቁትን ሥራ በሌላ ስም መጠራቱን ብቻ ነው የሚያዩት።

እርማቱን በተመለከተ፣ ከመቶ በላይ ሙሉ ድርሰት በየሁለት ሳምንቱ ላርም ካሉ እስከ ኅዳር አይቆዩም። ሙሉ ድርሰት በሩብ ዓመት አንድ ይበቃል። በመካከል የሚያስጽፉት አንድ አንቀጽ ይሁን፤ በዚያ አንቀጽ ላይም አንድ ነገር ብቻ ያርሙ። በዚህ ሳምንት ሰነዱ ከቀኑና ከአድማጩ ጋር ተያይዟል ወይ? በሚቀጥለው፣ ሁለት ሰነድ ተገናኝቷል ወይ? ሰዋስውንና ፊደልን ለጊዜው አይዩት፤ ከባድ ቢሆንም ይቻላል። ያረሙትን አንቀጽ ግን መልሰው ያስጽፉ፤ ነጥቡን የሚመዘግቡት ለሁለተኛው ረቂቅ ነው። ተመልሶ የማይጻፍ ጽሑፍ ላይ የሚፈስ ቀለም ለማንም አይጠቅምም። ጽሕፈቱ ክፍል ውስጥ፣ በወረቀትና በእጅ ይሁን። ቤት የተላከ ድርሰት ዛሬ በማን እንደተጻፈ ማወቅ አይቻልም፤ የማሽን ድርሰት ለማረም ቅዳሜዎን ቢሰጡ ያሳዝናል። ሲጽፉም በመካከላቸው ይዘዋወሩ፤ እዚያው ጎንበስ ብለው «ይህ ደብዳቤ ለማን ነው የተጻፈው?» ብለው የጠየቁት ልጅ ወረቀቱ ወደ ቤትዎ የሚመጣው ግማሹ ታርሞ ነው።